የኃይልን የማዞር ውጤት በገዛ እጅ በተሠራ ሚዛን መማር

በፊዚክስ ውስጥ እንደ ሞመንት ቀመሩ አጭር፣ ስሕተቱ ግን የበዛ ምዕራፍ አላውቅም። ኃይል በርቀት ይባዛል፤ ቀመሩ ይኸው ነው። ተማሪዎች በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ። ጥያቄው ሲቀርብ ግን አንዱ ርቀቱን ከእንጨቱ ጫፍ ይለካል፤ ሌላዋ የእንጨቱን የራሱን ክብደት ትተወዋለች፤ ሦስተኛው ኃይሉ ቀጥ ብሎ ይረፍ ወይም አግድሞ ሳያይ ያባዛል። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነኝ። በዚህ ምዕራፍ ላይ ያለኝ አቋም ጽኑ ነው፤ ብዕር ከመነሣቱ በፊት እጅ መሥራት አለበት። ቤተ ሙከራ የለንም የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ አይሠራም። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ አንድ ሚስማር፣ ጥቂት ሲባጎና አንድ ጣሳ አሸዋ ካላችሁ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል።

ከዚያ በፊት ግን አሁኑኑ ተነሡና ወደ በሩ ሂዱ። በአንድ ጣት እጀታው አጠገብ ገፍታችሁ ክፈቱት። ቀጥላችሁ ያንኑ ጣት ከማጠፊያው አራት ጣት ያህል ብቻ አርቃችሁ ግፉ። በሩም ጣቱም አልተለወጡም፤ የተለወጠው ከመዞሪያው ያለው ርቀት ነው፤ ሥራው ግን በብዙ እጥፍ ከብዷል። አንድ ኃይል የማዞር ችሎታው የሚወሰነው በኃይሉ መጠንና ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ነው፤ የሁለቱን ብዜት ሞመንት እንለዋለን፤ መለኪያው ኒውተን ሜትር ነው። አሁን ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጉና የእጀታውን ጠርዝ በቀጥታ ወደ ማጠፊያው አቅጣጫ ግፉት። ባላችሁ ጉልበት ሁሉ ብትገፉ አይዞርም። ይህን ሦስተኛውን ሙከራ ያዙት፤ ወደ ጎማ ቁልፍ ስንደርስ ያስፈልገናል።

እንጨቱን ማዘጋጀት

ከአናጺ ቤት 1 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጣውላ ቁራጭ ጠይቁ። ያልተጣመመና ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል የሆነ ይሁን። በሰፊው ፊቱ ላይ ከ0 እስከ 100 በየሴንቲ ሜትሩ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በ50 ላይ፣ ከላይኛው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ፣ ሚስማር በቀላሉ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ብሱ። መሰርሰሪያ ከሌለ ሚስማሩን በእሳት አግላችሁ በጉጠት ይዛችሁ ማሳለፍ ይቻላል፤ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅም ይህኛው ይሻላል።

ቀዳዳው ከመሃል ይልቅ ወደ ላይኛው ጠርዝ የቀረበው በምክንያት ነው። የእንጨቱ ክብደት በሙሉ በአንድ ነጥብ ላይ እንደተሰበሰበ አድርገን ልንወስደው እንችላለን፤ ያ ነጥብ የስበት ማዕከሉ ነው። ሚስማሩ ከስበት ማዕከሉ በላይ ሲሆን፣ እንጨቱ ዘንበል ባለ ቁጥር የስበት ማዕከሉ ወደ ጎን ወጣ ይላል፤ ክብደቱም መልሶ ወደ ቦታው ያመጣዋል። ሚስማሩ ልክ በስበት ማዕከሉ ላይ ቢያልፍ እንጨቱ ባቆማችሁት አኳኋን ሁሉ ይቆማል፤ ሚዛኑ መጠበቁንና አለመጠበቁን አይነግራችሁም። ከታች ቢያልፍ ደግሞ ወዲያው ይገለበጣል። ጊዜ ካላችሁ ሦስቱንም ቀዳዳ ብሳችሁ ልዩነቱን እዩ፤ ስለ ሚዛን መጠበቅ የሚባለው ነገር ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ።

ሚስማሩን በቆመ እንጨት ላይ አግድም ምቱና ዘንጉን፣ ማለትም የበሳችሁትን እንጨት፣ አንጠልጥሉት። ሚስማሩ ቀጭንና ለስላሳ ይሁን፤ ዝገት ያለበት ሚስማር እንጨቱን ይዞ ያስቀረዋል። ከዚያ ከወለሉ እስከ ሁለቱ ጫፎች ያለውን ከፍታ በሜትር ለኩ። እኩል ካልሆነ ከፍ ባለው ጫፍ ላይ ትንሽ ጭቃ እየለጠፋችሁ አስተካክሉት። በዓይን ግምት ብቻ አትለፉት።

ክብደቶችን መሥራት

ብዙ ሰው ሚዛን ለመሥራት መጀመሪያ ሚዛን መግዛት ያለበት ይመስለዋል። አያስፈልግም። 1 ሚሊ ሊትር ውኃ 1 ግራም ነው። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ትክክለኛነቱ ግን ለእኛ ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁለት ተመሳሳይ የውኃ ፕላስቲኮች የታችኛውን ክፍል ቆርጣችሁ ሁለት ኩባያዎች አውጡ፤ እኩል ርዝመት ባለው ሲባጎ አንጠልጥሏቸው፤ አንዱን ከሚስማሩ በግራ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላውን በቀኝ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ስቀሉ። ባዶአቸውን ሚዛን መጠበቃቸውን አረጋግጡ። በግራው ኩባያ በስሪንጅ አምስት ጊዜ ውኃ ጨምሩ፤ 50 ግራም ሆነ። በቀኙ ኩባያ ውስጥ ትንሽ ፌስታል ከነማሰሪያው አስቀምጡና ዘንጉ አግድም እስኪሆን ድረስ አሸዋ ጨምሩበት። ሲስተካከል ፌስታሉን ቋጥሩት። ማሰሪያውን ጭምር አብራችሁ ስለመዘናችሁ ያ ቋጠሮ እንዳለ 50 ግራም ነው። በዚሁ መንገድ ስድስት ያህል አዘጋጁ፤ ኩባያዎቹን ከዚያ አንሡ።

መጀመሪያ ጻፉ፣ ከዚያ ስቀሉ

በክፍሌ ውስጥ የማላላላው ሕግ ይህ ነው። ማንም ተማሪ የገመተውን ቁጥር ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ቋጠሮ አይሰቅልም። ሳይገምቱ መስቀል ጨዋታ ነው፤ ገምቶ መስቀል ግን ራስን መፈተን ነው።

አንድ ቋጠሮ በግራ 40 ላይ ስቀሉ። ሁለት ቋጠሮዎችን በአንድ ላይ አድርጋችሁ በቀኝ የት ብትሰቅሏቸው ሚዛን ይጠበቃል? በግራ 50 ግራም በ40 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ 2000 ነው። በቀኝ 100 ግራም ስላለ ርቀቱ 20 መሆን አለበት። ስቀሉት፤ ይጠበቃል። አሁን ከበድ ያለውን ሞክሩ። በግራ አንድ ቋጠሮ በ40፣ ሌላ አንድ ቋጠሮ ደግሞ በ15 ላይ ይሰቀል። በግራ ያለው የሞመንት ድምር 2000 እና 750፣ በጠቅላላው 2750 ነው። በቀኝ በሁለት ቋጠሮ ለማመዛዘን 27 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ መስቀል አለባችሁ። ብዙዎች 40 እና 15ን ደምረው ለሁለት የሚያካፍሉት እዚህ ላይ ነው፤ ያም 27 ተኩል ይሰጣቸዋል፤ ደስ ይላቸዋል። ስለዚህ ወዲያው በ15 ላይ ያለውን ቋጠሮ ሁለት እንዲያደርጉት አዛቸዋለሁ። አሁን በግራ 2000 እና 1500፣ ማለትም 3500 ነው፤ በቀኝ ያሉት ሁለቱ ቋጠሮዎች 35 ላይ መውጣት አለባቸው። ርቀትን ብቻ አማካይ የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ክብደትንና ርቀትን አባዝቶ የሚደምር ግን አይወድቅም።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ፦ አንድ ነገር ሳይዞር የሚቆመው፣ ሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ የሚያዞሩት ሞመንቶች ድምር በተቃራኒው ከሚያዞሩት ድምር ጋር እኩል ሲሆን ነው። የሲራኩሱ አርኪሜዴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በማስረጃ ያስቀመጠው የመፈንቅል ሕግ ይኸው ነው።

እስካሁን ግራምን በሴንቲ ሜትር ስናባዛ ቆየን። ሁለቱም ወገን በአንድ ዓይነት መለኪያ ስለሆነ ለማመዛዘን ይበቃል። ፈተና ላይ ግን ሞመንቱ በኒውተን ሜትር ሲጠየቅ 50 ግራሙን ወደ 0.05 ኪሎ ግራም፣ አንድ ኪሎ ግራም 10 ኒውተን ያህል ስለሚመዝንም ያንን በ10 አባዝታችሁ ወደ 0.5 ኒውተን፣ 40 ሴንቲ ሜትሩንም ወደ 0.4 ሜትር ለውጡ፤ መልሱ 0.2 ኒውተን ሜትር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ቋጠሮ እያበዛችሁ ስትሄዱ ዘንጉ ድንገት መገልበጥ ሊጀምር ይችላል። የሲባጎው ቀለበት የሚያርፈው በላይኛው ጠርዝ ላይ፣ ከሚስማሩ በላይ ስለሆነ ነው፤ ጭነቱ ሲበዛ የጠቅላላው የስበት ማዕከል ከሚስማሩ በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ክብደት ቀንሱ።

እንጨቱ ራሱን ሲመዝን

ለእኔ የምዕራፉ ምርጥ ሙከራ ይህ ነው። በ30 ምልክት ላይ፣ እንደ መጀመሪያው ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ፣ ሁለተኛ ቀዳዳ ብሱ፤ ቀደም ሲል የለጠፋችሁትንም ጭቃ አንሡ። እንጨቱን በዚህ ቀዳዳ ብታንጠለጥሉት በቀኝ በኩል 70፣ በግራ 30 ሴንቲ ሜትር ስላለ ቀኙ ይወርዳል። የእንጨቱ የስበት ማዕከል በ50 ላይ ነው፤ ከመዞሪያው በስተቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አሁን ሁለት ቋጠሮዎችን በግራው ክንድ ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተታችሁ ዘንጉን አግድም አድርጉት። በ4 ምልክት ላይ ተስተካከለ እንበል፤ ከመዞሪያው 26 ሴንቲ ሜትር ነው። 100 በ26 ሲባዛ 2600። ይህ ከእንጨቱ መጠነ ቁስ በ20 ከሚባዛው ጋር እኩል ስለሆነ እንጨቱ 130 ግራም ነው። ወስዳችሁ በሱቅ ሚዛን አስመዝኑት፤ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ ሙከራ በኋላ ተማሪዎቼ የዘንግን ክብደት በስሌት ውስጥ መርሳት ይቀንሳሉ። ዘንጉ መሃሉ ላይ ሲደገፍ ክብደቱ ከመዞሪያው ርቀቱ ዜሮ ስለሆነ ሞመንት የለውም፤ ከመሃል ውጭ ሲደገፍ ግን እንደ ማንኛውም ጭነት ይቆጠራል። ጥያቄው «ወጥ የሆነ ዘንግ» ካለ፣ መሃሉ ላይ ወደ ታች የምትወርድ ቀስት እንድትስሉ እየነገራችሁ ነው።

ቤት ውስጥ የሚያገለግል ሚዛንም ከዚሁ ይወጣል። ዘንጉን በ50 ላይ መልሱት፤ ኩባያ በግራ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ በቋሚነት እሰሩ፤ የባዶ ኩባያውን ክብደት በቀኝ ጫፍ በሚለጠፍ ጭቃ አመዛዝኑ። አሁን አንድ የ50 ግራም ቋጠሮ በቀኝ ክንድ ላይ ይንሸራተታል። በኩባያው ውስጥ ያለው በ10 ሲባዛ 50 በርቀቱ ከሚባዛው ጋር እኩል ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር 5 ግራም ያመለክታል። ቋጠሮው 24 ላይ ከቆመ በርበሬው 120 ግራም ነው።

ያደግሁት ጅማ አካባቢ ነው፤ አባቴ ቡና እየገዛ ይሸጥ ነበር። ቡናው በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ ሂሳብ ሲሄድ በሚዛን ላይ የምትጠፋ ጥቂት ክብደት በወሩ መጨረሻ ብዙ ገንዘብ ትሆናለች። አባቴ የማያውቀው ባለ ሁለት ክንድ ሚዛን ሲገጥመው ዕቃውን አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ ያስመዝን ነበር። ምክንያቱ እነሆ። ባዶው ሚዛን ቀጥ ብሎ ቢቆምም ክንዶቹ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ 25፣ ሌላው 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሻጩ ዕቃውን በረጅሙ ክንድ ላይ ቢያደርግ፣ 400 ግራም ዕቃ በአጭሩ ክንድ ላይ ከተቀመጠ 500 ግራም ጋር ይመዛዘናል፤ ገዢው ያላገኘውን 100 ግራም ይከፍላል። ዕቃውን አዘዋውሮ ማስመዘን ማታለያውን ያጋልጣል፤ ሁለቱ ንባቦች ይለያያሉና። እውነተኛውን ክብደት ለማግኘት ደግሞ ሁለቱን ንባቦች አባዝታችሁ የብዜቱን ካሬ ሥር አውጡ። በአንድ በኩል 400፣ በሌላ በኩል 625 ግራም ከተነበበ ብዜቱ 250000፣ ካሬ ሥሩ 500 ነው፤ ዕቃው 500 ግራም ነው። ደምሮ ለሁለት ማካፈል 512 ተኩል ይሰጣል፤ ልክ አይደለም። በራሳችሁ ዘንግ ላይ አንዱን ኩባያ በ25፣ ሌላውን በ20 ሰቅላችሁ፣ ባዶውን በጭቃ አስተካክላችሁ ሞክሩት።

ርቀቱ ከየት እስከ የት ነው?

ወደ ጎማ ቁልፉ መጣን። የመኪና ጎማ የያዘ ዳዶ አልፈታ ሲል ጎሚስታው ቱቦ አምጥቶ ቁልፉ ላይ ይሰካል፤ የቁልፉን ክንድ ማስረዘሙ ነው። 25 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ላይ 200 ኒውተን ብትጫኑ 50 ኒውተን ሜትር ይሆናል፤ በቱቦ 50 ሴንቲ ሜትር ብታደርሱት ያው ጉልበት 100 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የአንድ ትንሽ መኪና የጎማ ዳዶ የሚጠብቀውም በዚሁ በ100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ቱቦው ለመፍታት ይሁን እንጂ ለማጥበቅ አይሁን፤ ሲያጠብቁበት ብሎኑ ይበጠሳል ወይም ጥርሱ ይበላል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ቁልፉን በ90 ዲግሪ ስትጫኑት ነው። ቁልፉ አግድም ሳለ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ25 ሴንቲ ሜትር ጫፉ ላይ ቢቆም 150 ኒውተን ሜትር ያገኛል። ቁልፉ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያው ሰው በጫፉ ላይ ቢጫነው ግን ዳዶው ንቅንቅ አይልም፤ ኃይሉ በቀጥታ በዳዶው መሃል ያልፋልና። በሩን ወደ ማጠፊያው ስትገፉት የሆነው ይኸው ነው። ኃይሉ ከቁልፉ ጋር 30 ዲግሪ ሲሠራ ሞመንቱ በግማሽ ይቀንሳል።

በወረቀት ላይ ስትሠሩ ይህን ልማድ አድርጉት። ኃይሉን የሚያሳየውን ቀስት በማስመሪያ በሁለቱም አቅጣጫ አርዝሙት፤ ከዚያ ከመዞሪያው ነጥብ ተነሥታችሁ ወደዚያ መስመር 90 ዲግሪ የሚሠራ አጭር መስመር ጣሉ። በቀመሩ ውስጥ የሚገባው ርቀት የዚህ አጭር መስመር ርዝመት ነው። ሳይንና ኮሳይን የትኛው ነው እያሉ ከመጨነቅ ይህን መስመር በቀይ ብዕር መሣል ብዙ ነጥብ ያድናል።

ሁለት ደጋፊዎች ሲኖሩ

ሁለት ወንድማማቾች ውኃ የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ2 ሜትር አጣና አንጠልጥለው ይሸከማሉ። ታላቁ አዝኖለት ጀሪካኑን ወደ ራሱ አቅርቦታል፤ ከትከሻው ግማሽ ሜትር ላይ ነው። ውኃው 200 ኒውተን፣ አጣናው 20 ኒውተን ይመዝናል፤ የባዶ ጀሪካኑን ክብደት እንተወው። እያንዳንዳቸው ስንት ይሸከማሉ?

ያልታወቁት ኃይሎች ሁለት ናቸው፤ ተማሪ የሚደናገጠውም ለዚህ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ መዞሪያውን ካልታወቁት ኃይሎች በአንዱ ላይ አስቀምጡ። አጣናው በእውነት የሚዞርበት ሚስማር የለውም፤ ሳይዞር የቆመ ነገር ደግሞ በየትኛውም ነጥብ ዙሪያ ሞመንቶቹ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ምርጫው የእናንተ ነው። የታላቁን ትከሻ መዞሪያ ብናደርግ የእሱ ኃይል ርቀቱ ዜሮ ሆኖ ከስሌቱ ይወጣል። ውኃው 200 በ0.5፣ ማለትም 100፤ አጣናው 20 በ1፣ ማለትም 20፤ ድምሩ 120 ኒውተን ሜትር ነው። ታናሹ በ2 ሜትር ርቀት ይህን የሚያመዛዝነው በ60 ኒውተን ነው። ጠቅላላው ክብደት 220 ስለሆነ ለታላቁ 160 ይቀራል። አሁን በታናሹ ትከሻ ዙሪያ ደግማችሁ አረጋግጡ፤ 200 በ1.5 እና 20 በ1 ሲደመሩ 320፣ በ2 ሲካፈል 160። ይህን ማረጋገጫ የማይሠራ ተማሪ ትክክል መሆኑን በራሱ የማወቅ ዕድሉን ትቶታል።

ይህ ስሌት በከተማችን መንገድ ላይ በየቀኑ በሕያው ፍጡር ጀርባ ላይ ይሠራል። ጋሪ ሁለት ጎማ አለው፤ የጎማው ዘንግ መዞሪያው ነው፤ ሁለተኛው ደጋፊ ፈረሱ ነው። 400 ኪሎ ጭነት፣ ማለትም 4000 ኒውተን፣ የስበት ማዕከሉ ከጎማው ዘንግ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆንና የፈረሱ ጀርባ ከዘንጉ 2 ሜትር ቢርቅ፣ 4000 በ0.1 ሲባዛ 400፣ በ2 ሲካፈል 200 ኒውተን ነው። ፈረሱ 20 ኪሎ ያህል በጀርባው ተሸክሟል። ማዕከሉ ከዘንጉ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢሆን 60 ኪሎ ይሆናል፤ መጎተቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ከዘንጉ ወደ ኋላ ካለፈ ደግሞ ጋሪው አፍንጫውን ያነሣል፤ በፈረሱ ሆድ ሥር ያለፈው ጠፍርም ወደ ላይ ይስበዋል።

ዳገትና ቁልቁለት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። የጭነቱ የስበት ማዕከል ከጎማው ዘንግ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከሆነ፣ በ10 ዲግሪ ዳገት ላይ ጋሪው ሲያዘነብል ማዕከሉ ወደ ኋላ 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸሻል። ሜዳ ላይ 10 ወደ ፊት የነበረው አሁን 4 ወደ ኋላ ሆነ፤ ፈረሱ ዳገት የሚወጣው በጠፍር ወደ ላይ እየተሳበ፣ ሰኮናው መሬቱን በደንብ ሳይጨብጥ ነው። በዚያው ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ 24 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሆንና ጀርባው ላይ የሚያርፈው ወደ 48 ኪሎ ይደርሳል። ጭነቱ ዝቅ ብሎ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የሚሸሸው በግማሽ ቀንሶ 7 ብቻ ነው። ስለዚህ ባለ ጋሪ የሆነ ሰው ይህን ካነበበ አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ፤ ከባዱን ከታች፣ ልክ በጎማው ዘንግ ላይ ጫኑ፤ ቀላሉን ከላይ። ከመነሣታችሁ በፊት ፈረሱ ሳይታሰር የጋሪውን ሁለት እንጨቶች በእጃችሁ አንሥታችሁ ክብደቱን ቅመሱት፤ በሁለት እጅ በቀላሉ የሚያዝ ሆኖ ትንሽ ወደ ታች የሚጫን ከሆነ ጭነቱ ደህና ተቀምጧል። የፈረስ ጀርባ የሚቆስለው በጭነት ብዛት ብቻ አይደለም፤ በአቀማመጡም ጭምር ነው።

መገልበጥና አለመገልበጥ

የቆመ ነገር የማይወድቀው ከስበት ማዕከሉ ወደ ታች የሚወርደው መስመር በመቆሚያው ውስጥ እስካረፈ ድረስ ነው። ተረከዛችሁንና ጀርባችሁን ከግድግዳ አስጠግታችሁ ጉልበታችሁን ሳታጥፉ የእግራችሁን ጣት ለመንካት ጎንበስ በሉ። አትችሉም። ግድግዳው ከሌለ ስንጎነበስ መቀመጫችን ወደ ኋላ ሄዶ የስበት ማዕከላችንን በእግራችን ላይ ያቆየዋል፤ ግድግዳው ይህን ይከለክላል።

ፖርቶ መጋላው ላይ እስከ ሰማይ የተጫነ መኪና አደጋውም እዚሁ ነው። ከመሃል እስከ ጎማ ያለው 80 ሴንቲ ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 1 ሜትር የሆነ መኪና ለመገልበጥ ወደ 39 ዲግሪ ማዘንበል አለበት። ማዕከሉ ወደ 1.6 ሜትር ከፍ ሲል 27 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል፤ በመታጠፊያ ላይ ያለው ፍጥነት ደግሞ ከዚህም ይቀንስለታል።

ቅርጹ ያልተስተካከለ ነገር የስበት ማዕከሉ የት እንደሆነ ለማወቅ በስሌት መድከም የለባችሁም። የኢትዮጵያን ካርታ በወፍራም ካርቶን ላይ ገልብጣችሁ ዳር ዳሩን ቁረጡ። ጠርዙ አካባቢ በሦስት የተራራቁ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሁመራ፣ በሞያሌና በምሥራቁ የሶማሌ ክልል ጫፍ፣ ትንንሽ ቀዳዳ ብሱ። በአንዱ ቀዳዳ በሚስማር ላይ አንጠልጥሉት፤ በነፃነት መወዛወዙን አረጋግጡ፤ ከዚያው ሚስማር ጫፉ ላይ ጠጠር የታሰረበት ክር አውርዱ። ካርቶኑ ሲረጋ በክሩ መስመር ላይ በእርሳስ አስምሩ። በሌሎቹ ሁለት ቀዳዳዎችም ድገሙት። ሦስቱ መስመሮች የሚገናኙበት የስበት ማዕከሉ ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ይወድቃል፤ ወደ ኦጋዴን የተዘረጋው ሰፊ መሬት ይስበዋልና። መስመሮቹ በአንድ ነጥብ ሳይገናኙ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ከሠሩ፣ ካርቶኑ በአንዱ ቀዳዳ ላይ ተይዞ ስለቀረ ነው፤ ያንን ቀዳዳ ጥቂት አስፉና እንደገና አስምሩ። ሲስተካከል ካርታውን በዚያ ነጥብ በእርሳስ ጫፍ ላይ አሳርፉት።